የ1932 ፎርድ ላይ የጃጓር የኋላ እግር ልገጥም ነው፤ ከመበየዴ በፊት ምከሩኝ

ሰማያዊ32 (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ወገኖች። ሰማያዊዋ የ1932 ፎርድ ሮድስተሬ በመጨረሻ እግር ሥራ (ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውና ምት የሚቀበለው ክፍል) ላይ ደርሳለች። የፊቱ አልቋል። የኋላው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሁኔታውን ልንገራችሁ። ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ከኋላዋ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል ነው ያላት። በላዩ ላይ አንድ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል) ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሟል። የሞተሩን ዙር ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሄደው። ፎርድ እስከ 1948 ድረስ ከዚህ አሠራር ንቅንቅ አላለም። ለዚያ ዘመን መንገድ ጠንካራ ነገር ነው። ግን አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም አብሮት ይናጣል። ፍሪዌይ ላይ የኮንክሪቱ መጋጠሚያ በመጣ ቁጥር ኋላዋ ወደ ጎን ትዘላለች። ባለፈው ባለቤቴን ይዤ ፖሞና የአሮጌ መኪና ገበያ ሄድን። ስንመለስ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ነው የወረደችው። "መኪናዋን እወዳታለሁ፣ ሁለተኛ ግን አልወጣባትም" አለችኝ። እኔ ደግሞ ይህችን መኪና የሠራኋት ብቻዬን ልነዳት አይደለም።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ከሚፈታበት ግቢ የ1984 ጃጓር ኤክስጄ6 የኋላ እግር ገዛሁ። ሙሉውን፣ ከነብረት ሳጥኑ። ሁለት ቀን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጠብኩት። ዲፈረንሻሉ (ዙሩን ከካርዳኑ ተቀብሎ ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) ላይ በብሎን የተያዘች ትንሽ የብረት ምልክት አለች። ጭቃው ሲለቅ 43 እና 13 የሚሉ ቁጥሮች ብቅ አሉ። 43 ለ13 ማለት 3.31 ነው፤ ካርዳኑ 3.31 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ደስ አለኝ። የእኔ ጎማ ቁመቱ 74 ሴንቲ ነው። ካምቢዮው ቀጥታ ማርሽ ላይ ሆኖ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስሄድ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,370 ዙር ይሆናል ማለት ነው። ለመንገድ ጥሩ ነው።

አሠራሩን ላላያችሁ፦ ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋር አይዘልም። ሳጥኑ ውስጥ ታስሯል፤ ሳጥኑም በአራት የላስቲክ መያዣ ከመኪናው አካል ጋር ተያይዟል። ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያዞሩ ዘንጎች፣ ሴሚያሶች፣ ይወጣሉ፤ በየጫፋቸው ክሮቸራ (እየዞረ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ) አለ። ከሥር ደግሞ የታችኛው ክንድ አለ። በየጎኑ ሁለት ሁለት ሞላ፣ በየሞላው ውስጥ አንድ አንድ ሾክ። የፍሬኑ ዲስክ ጎማው ጋ ሳይሆን ውስጥ ነው፣ ዲፈረንሻሉ ላይ ተጠግቶ።

አሁን ጥያቄዬ። ሳጥኑን ከነላስቲክ መያዣው ልግጠመው ወይስ ሳጥኑን ጥዬ ዲፈረንሻሉን በቀጥታ ሻንሲው (የመኪናዋ የብረት አጽም) ላይ ልሰር? ሳጥኑ ግዙፍ ነው፤ የፎርዷ ሻንሲ ቀጭን ስለሆነ ከኋላ ሲታይ ያስጠላል። ሁለተኛው ስፋቱ ነው። የጃጓሩ ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 148 ሴንቲ ገደማ ነው፤ የፎርዷ ግን 142። ፓራፋንጎዎቹን (የጭቃ መከላከያዎቹን) አላወጣሁም፣ ላወጣቸውም አልፈልግም።

ጋሽ ብየዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ማሽኑን ከማብራትህ በፊት መኪናዋ ሙሉ ክብደቷን ትሸከም። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ቦዲ፣ ወንበር፣ ሰልባትዮው ውስጥም ቤንዚን። ሁለት ሰውም ይቀመጥባት።

ይህን የምልህ እኔ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ወዳጄ ሞዴል ኤ ፎርድ ላይ እንዲህ ያለ እግር ስገጥም ሻንሲውን ባዶውን ቋሚ ላይ አስቀምጬ በየድኩት። ሞላዎቹ ተዘርግተው ነበር፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እኔም ጨርሻለሁ ብዬ እጄን ታጠብኩ። ቦዲው ሲወርድባት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘመሙ። ሦስት ዲግሪ ያህል። ጎማው ሁለት ወር ሳይሞላው በውስጥ በኩል ሽቦው ወጣ። ቆርጬ እንደገና ሠራሁት፣ በራሴ ወጪ። ወዳጄ ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሾኮቹን አውጣና በቦታቸው ርዝመቱ የተለካ ጠፍጣፋ ብረት አስገባ፤ እግሩ በጭነት ጊዜ በሚኖረው ቁመት ላይ ይያዝልህ። ፋብሪካውም ሲለካ እግሩን በተለካ ብረት ቁመቱ ላይ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ቱንቢህን አውጣ።

ኦሪጅናል ይሻላል (ዴንቨር)

ወንድሜ ሰማያዊ፣ ሥራህን አከብራለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ይህች መኪና ታሪክ አላት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የካሊፎርኒያ ወጣቶች ሙሮክ ደረቅ ሐይቅ ላይ ይሮጡ የነበሩት በዚሁ አክስልና በዚሁ ባሌስትራ ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ የፍጥነት ማኅበር በ1937 ሲቋቋም አባላቱ ጃጓር አልገጠሙም። ሆት ሮድ ማለት ለእኔ ያ ነው፤ ያለህን ብረት ማቅለልና ማፍጠን።

ደግሞ ችግሩ ከአክስሉ ነው ብለህ እርግጠኛ ነህ? የባሌስትራው ቅጠሎች በዝገት ተጣብቀው ይሆናል። ፍታቸው፣ አጽዳቸው፣ በመሃላቸው ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ አድርግ። ወደ ጎን የሚዘለው ደግሞ ባሌስትራው በማንጠልጠያዎቹ ላይ ስለሚወዛወዝ ነው። ከአክስሉ አንድ ጫፍ ወደ ሻንሲው ሌላ ጎን አንድ አግዳሚ ዘንግ ብታስር ግማሹ ሕመም ይለቅሃል። ጥሩ ሾክ ጨምርበት። ዋጋው ከጃጓሩ ሩቡን አይሆንም።

ሰማያዊ32

ኦሪጅናል፣ ከልብህ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ያልከውን ሁሉ አምና ሠርቼዋለሁ፤ ቅጠሎቹን፣ ዘንጉን፣ ሾኩን። ወደ ጎን መዝለሉ በጣም ቀንሷል። ከታች ወደ ላይ የሚመጣው ምት ግን አልቀነሰም። አክስሉ፣ ዲፈረንሻሉ፣ የፍሬን ታምቡሮቹ፣ ሁሉም አብረው ይዘላሉ። ያ ሁሉ ብረት ሲነሳና ሲወድቅ መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ይዟት ይነሳል።

በታሪኩ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የጃጓር እግር በክሮም ተለብጦ ሆት ሮድ ላይ መታየት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። እሱም እኮ አሁን አሮጌ ባህል ሆኗል።

ጋሽዬ፣ ምክርዎን ይዣለሁ። እርስዎ ባይነግሩኝ ልክ እንደዚያው አደርግ ነበር።

ቮልስ ፒያሳ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሆት ሮድ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ቮልስ ግን ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ቮልስ እኮ ከኋላ እግሯ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ሰው ይህን አያስብም።

የአሮጌዋ ቮልስ ሴሚያስ መገጣጠሚያው አንድ ብቻ ነው፣ ካምቢዮው ጋ። ጎማው ጋ የለም። ክሪክ አስገብታችሁ ኋላዋን ስታነሱ ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ሲታጠፉ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ያ ነው። ሦስት ትልልቅ ሰው ኋላ ሲቀመጥ ደግሞ ከላይ ወደ ውስጥ ይዘማሉ። በፍጥነት ኩርባ ስትገቡ የውጪው ጎማ ከሥሯ ሊታጠፍ ይችላል፤ መኪናዋን ወደ ላይ ያነሳታል። የአሜሪካው ኮርቬየርም ከ1960 እስከ 1964 በዚሁ አሠራር ነበር፤ በ1965 ነው የቀየሩት።

የጃጓሩ ግን በየሴሚያሱ ሁለት ክሮቸራ ስላለው ከሥርም ክንድ ስላለው እንደዚያ አያደርግም። ሰማያዊ፣ "እያንዳንዱ ለብቻው" የሚለውን ስም ብቻ አትመን። መገጣጠሚያ ስንት እንዳለው ቁጠር።

አንድ ጥያቄ፦ ጎማው ጋ ያለውን ኩሽኔታ ፈትተህ አይተሃል? አርባ ዓመት የሞላው ነው።

ኩሽኔታ (ሽቱትጋርት)

እኔ በሙያዬ የመኪና እግር መሐንዲስ ነኝ፤ ይህን ውይይት ሳይ ማለፍ አልቻልኩም። የጃጓሩን እግር የነደፈው የኩባንያው መሐንዲስ ቦብ ናይት ነው። የጃጓር አለቃ ሰር ዊሊያም ላየንስ "በአንድ ወር አትጨርሰውም" ብለው እንደተወራረዱትና እሱም እንደጨረሰ ይነገራል። በ1961 ኢ ታይፕ እና ማርክ ቴን በተባሉ የጃጓር ሞዴሎች ወጣ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሳይቀየር አገለገለ። ዋናው ብልሃቱ ሴሚያሱ ጎማ ማዞር ብቻ ሳይሆን የላይኛው ክንድ ሆኖ መሥራቱ ነው። ርዝመቱ አይለዋወጥም፤ ተንሸራታች የለውም። የአሜሪካው ኮርቬትም በ1963 ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ እሱ ግን በሞላ ፋንታ አግዳሚ ባሌስትራ አስቀመጠ።

ይህ ለአንተ ምን ማለት ነው? ሴሚያሱን ካሳጠርክ የታችኛውንም ክንድ በዚያው ልክ ማሳጠር አለብህ። አንዱን ብቻ ከነካህ ጎማው ይዘማል።

ሳጥኑን ስለመጣል። ይቻላል፤ ብዙዎች አድርገውታል። ግን ሳጥኑ ምን ይሸከም እንደነበር እወቅ። ሞተርህ 400 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት ይስጥ እንበል። አንደኛ ማርሽህ 3 ለ1 ቢሆን፣ ዲፈረንሻሉ 3.31፣ ሲባዛ ወደ 4,000 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ጎማው ወደፊት ሲገፋ ይህ ሁሉ ጉልበት የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳል። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ፣ ዲስኩ እዚያው ስለሆነ፣ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። ስለዚህ ከላይ ባሉት አራት ብሎኖች ብቻ አትሰረው። አፍንጫው የራሱ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ አይደለም። ወደፊት የሚዘረጋው ረጅም ክንድ ላይ ነው። ጃጓር ላይ ከታችኛው ክንድ ተነስቶ ከወለሉ ጋር የሚያያዘው ማለቴ ነው። የታችኛው ክንድ የሚዞርበትን የውስጥ ዘንግ አስበው። ያንን መስመር ወደፊት አስረዝመው። የረጅሙ ክንድ የፊት መጋጠሚያ እዚያ መስመር ላይ መውደቅ አለበት። ከመስመሩ ውጪ ካሰርከው እግሩ ሲነሳ ሁለቱ ክንዶች ይጣላሉ፤ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ይጎትታል። ጃጓር ሳጥኑን በላስቲክ ስላንጠለጠለው ያ ጠብ ላስቲኩ ውስጥ ይጠፋል። አንተ በብረት ስታስረው የሚጠፋበት ቦታ የለም። መጀመሪያ መንገዱ ይጎረብጥሃል፤ ቀጥሎ መያዣው ይሰነጠቃል።

ሞላውንም እንዳለ አትጠቀምበት። ኤክስጄ6 ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ነው፤ ያንተ ሮድስተር ከቶን ብዙ አያልፍም። አዲስ ስትመርጥ ደግሞ ሞላው የሚቀመጥበትን ቦታ አስላ። የታችኛው ክንድ ከውስጥ መጋጠሚያው እስከ ጎማው መሃል 50 ሴንቲ ቢሆንና ሞላው 30ኛው ሴንቲ ላይ ቢያርፍ፣ ሬሾው 0.6 ነው። በራሱ ሲባዛ 0.36። የሞላው ጥንካሬ 100 ቢሆን ጎማው ጋ የሚሰማው 36 ብቻ ነው። ሞላው ባጋደለ መጠን ከዚህም ይቀንሳል። ለካና ቁጥሩን ላክልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።

ሰማያዊ32

እህቴ ኩሽኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ጽሑፍሽን አትሜ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለ መስመሩ የጻፍሽውን ከዚህ በፊት ማንም እንደዚህ አላስረዳኝም።

ቮልስ፣ ኩሽኔታዎቹን ፈታኋቸው። የግራው ውጫዊ ኩሽኔታ ቀለበቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጠባሳ ነበረው። አራቱንም ቀየርኩ። ባትጠይቀኝ አልፈታውም ነበር።

ሰማያዊ32 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እንደምን ከረማችሁ። ሥራው ሄዷል፤ አንድ መጥፎ ነገርም ገጥሞኛል።

መጀመሪያ መልካሙን። የፎርዷን የኋላ አግዳሚ ብረት በመቁረጫ አልነካሁትም። ፋብሪካው በሪቬት ነው የያዘው። ሪቬቶቹን አንድ በአንድ ሰርስሬ አወጣኋቸውና አግዳሚው ሙሉውን ወጣ። ኦሪጅናል፣ ይህን ሳደርግ አንተን እያሰብኩ ነበር። የሻንሲውን ክፍት ጎን በ5 ሚሊ ላሜራ ደፈንኩት። አዲሱን አግዳሚ ሠራሁ፤ ለአፍንጫው ደግሞ ለብቻው ድጋፍ አደረግሁለት፣ በመሃሉ ጠንካራ ላስቲክ ያለው።

ቦዲውን ጫንኩ፣ ሰልባትዮውን ሞላሁ። ባለቤቴና ጎረቤታችን ተቀመጡባት፣ ሻይ እየጠጡ። እኔ ሥር ገብቼ ቱንቢውን ከታችኛው ክንድ ሁለት የውስጥ መጋጠሚያዎች አወረድኩ፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ ነጥብ አደረግሁ። ሁለቱን ነጥቦች በክር አገናኝቼ ክሩን ወደፊት ሳብኩት። የረጅሙ ክንድ መያዣ ይቀመጥበታል ብዬ ካሰብኩት ቦታ ክሩ በ11 ሴንቲ ወደ ውስጥ ነው ያለፈው። 11 ሴንቲ! ልበይደው የነበረው እዚያ ነው። ክሩ ባለፈበት አዲስ መያዣ ሠራሁ።

አሁን መጥፎው። ሴሚያሶቹንና የታችኛውን ክንዶች በየጎኑ 3 ሴንቲ እንዲያሳጥሩልኝ ለአንድ ሱቅ ሰጠሁ። ስሙን አልጠራም። ገጠምኩ፣ ነዳሁ። ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስሄድ ወለሉ መንዘር ጀመረ። የታፈነ ንዝረት ነው፤ ጫማዬ ውስጥ ይሰማኛል። ጎማዎቹን አስመዘንኩ፤ ሰላም ናቸው። ምን ልይ?

ጋሽ ብየዳ

ልጄ፣ ሴሚያሶቹን አውጣ። ጠረጴዛ ላይ አስተኛቸውና የሁለቱን ጫፎች ሹካ ከጎን ተመልከት። የክሮቸራው ሹካ በአንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ በሌላው ጫፍ ከተጋደለ፣ ሲቆርጡ ምልክት ሳያደርጉ ነው የቆረጡት። ቱቦ ስትቆርጥ መጀመሪያ በርዝመቱ ቀጥ ያለ መስመር ትጭርበታለህ። ከዚያ ትቆርጣለህ። ስትመልሰው መስመሩ ከመስመሩ ይገጥማል። እኔ ዘንድ ይህን ሳያደርግ መጋዝ የሚያነሳ ልጅ የለም።

ኩሽኔታ

ጋሼ ልክ ናቸው። ክሮቸራ በማዕዘን ሲዞር ፍጥነቱ አንድ ወጥ አይደለም፤ በየዙሩ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቸራ ይህን የሚያጠፋው ሁለቱ ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ብቻ ነው። ጥቂት ዲግሪ ቢሳሳት መሰረዙ ቀርቶ ንዝረት ይሆናል። የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ማዕዘንም እይ። ከካምቢዮው መውጫ ጋር ትይዩ ይሁን። ያንተ ዲፈረንሻል እንደ አሮጌው አክስል ስለማይዞር አንዴ ካስተካከልከው እዚያው ይቆያል።

ኦሪጅናል ይሻላል

ሰማያዊ፣ ሪቬቱን ሰርስረህ እንዳወጣህ ሳነብ ልቤ ረጠበ። አሁንም ያንን ባሌስትራ እመርጣለሁ፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን አሮጌውን አክስልና አግዳሚ አደራ አትሽጥ። ቅባት ቀባቸው፣ በጨርቅ ጠቅልላቸው፣ ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ አስቀምጣቸው። አንድ ቀን መኪናዋ የሌላ ሰው ትሆናለች።

የፍሬን ነገርም አለ። ዲስኩ ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ የዲፈረንሻሉን የዘይት መከላከያ ጎማ ያደርቀዋል፤ ዘይቱ ወደ ፍሬን ሸራው ይመጣል። አዲስ አድርግበት። ወለሉ ላይም የሚከፈት ክዳን ሥራ። ያለበለዚያ ሸራ ለመቀየር ቦዲ ልታወርድ ነው።

ሰማያዊ32 (ከአሥር ቀን በኋላ)

ጋሽዬ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው። የቀኙ ሴሚያስ ሹካ ከሌላው ጫፍ በ7 ዲግሪ ዞሯል። በውሃ ልክ ለካሁት። የግራው ልክ ነበር። የቀኙን ራሴ መስመር ጭሬ፣ ቆርጬ፣ ውስጡ ቱቦ አስገብቼ በየድኩት። ከዚያ ሚዛን እንዲያስይዙልኝ የካርዳን ባለሙያ ዘንድ ወሰድኩት።

ኦሪጅናል፣ አክስሉና አግዳሚው ተቀብተው፣ ተጠቅልለው፣ ጣውላ ላይ ናቸው። በላያቸው የመኪናዋን ሻንሲ ቁጥርና ቀኑን የጻፍኩበት ወረቀት አስሬአለሁ። የወለሉን ክዳንም ሠርቻለሁ፤ በአራት ብሎን ይከፈታል።

ትናንት ካምበሩን (ጎማው ከቋሚው የሚዘምበትን ማዕዘን) ለካሁ። ጃጓር የሚለው ከላይ ወደ ውስጥ ሦስት ሩብ (0.75) ዲግሪ ነው፤ ሩብ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ችግር የለውም። ግራው ሦስት ሩብ ላይ ቁጭ ብሏል። ቀኙ አንድ ዲግሪ ነው። ጠርዝ ላይ ስለሆነ ላስተካክለው ወሰንኩ። በዲስኩና በሴሚያሱ መሃል አንዲት ግማሽ ሚሊ ስስ ላሜራ ጨመርኩ፤ እሷ ሩብ ዲግሪ ትመልሳለች። እንደገና ስለካ ሁለቱም እኩል ሆኑ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ይዤ በዚያው በፖሞና ፍሪዌይ ወጣሁ። የኮንክሪቱ መጋጠሚያ ድምፁ ይሰማል፤ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። ወንበሩ ጋ ግን አይደርስም። በ100 ኪሎ ሜትር ንዝረት የለም። እሷ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና "ቆይ፣ እስከ ሳንታ ባርባራ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለችኝ።

ኩሽኔታ፣ ሞላው አሁንም ትንሽ ጠንካራ ሳይሆን አይቀርም፤ አጭር ጉድጓድ ላይ ይሰማኛል። ከውስጥ መጋጠሚያው እስከ ጎማው መሃል 47 ሴንቲ፣ እስከ ሞላው 29 ሴንቲ ነው። ሞላው ከቋሚው 20 ዲግሪ ያጋደለ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የሚሸከሙትን በየጎኑ በሚዛን ለክቼ ነገ ማታ እልክልሻለሁ።